አሮጌ የጦር ሠራዊት ተሳቢን ለካምፕ ማዘጋጀት፤ ከጎማው ጀምሩ

አሮጌ የጦር ተሳቢ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያልመው ድንኳኑን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ተሳቢው ግቢ ሳይገባ ከላይ የሚዘረጋ ድንኳን ስመርጥ ነበር። ከዚያ ጎማውን ፈታሁ። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበትና የሚሽከረከርበት እምብርት) ውስጥ ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ቆየ ሳሙና ተሰነጣጥቋል። ሳላየው ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑን የምዘረጋው መንገድ ዳር ነበር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የሚሽከረከረው፣ ቀጥሎ የሚሸከመው፣ ከዚያ ሰውነቱ። ድንኳንና ኩሽና መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ገንዘብም በዚሁ ቅደም ተከተል ይውጣ።

የትኛውን ተሳቢ?

ለካምፕ በብዛት የሚፈለጉት ባለ አንድ አክስሎቹ (ሁለት ጎማ ብቻ ያላቸው) ናቸው። ከአሜሪካኖቹ ትንሹ ኤም 416 ነው፤ ኤም 151 ከምትባለዋ ቀላል ወታደራዊ መኪና ኋላ እንዲጎተት የተሠራ። ባዶውን ወደ 260 ኪሎ ይመዝናል። ከአስፋልት ውጪ እንዲጭን የተፈቀደለት 227 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። ከፍ ያለው ኤም 101 ከመንገድ ውጪ 680 ኪሎ ገደማ ይጭናል፤ ራሱም ግን ከበድ ይላል። እንግሊዞቹ ደግሞ ከላንድሮቨር ኋላ ይጎትቱት የነበረ ሳንኪ የሚባል አላቸው።

የኔ ምርጫ ትንሹ ነው። ትልቅ ተሳቢ ያለው ሰው ይሞላዋል። ቦታ ካለ ዕቃ አይጠፋም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ። የሻንሲ ቁጥሩ ሰውነቱ ላይ ከተለጠፈው ወይም ከተመታው ጋር ይግጠም። ሠራዊቱ ያስወገደው ዕቃ ብዙ ጊዜ እጅ ለእጅ ሲተላለፍ ወረቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰሌዳ የማይወጣለት ተሳቢ የአበባ መደብ ነው የሚሆነው። ስለ ፍሬንም ቀድማችሁ ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለምሳሌ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ ካለፈ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ሌላ አገር ሕጉ ሌላ ነው።

ቀጥሎ መዶሻና ካቻቢቴ ይዛችሁ ከሥሩ ግቡ። ላሜራውን በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰ ደነዝ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ካቻቢቴውን ውሃ በሚያቁሩ ቦታዎች ላይ ጫን አድርጉ፤ ወለሉ ከሥሩ ካለው አግዳሚ ብረት ጋር በሚገናኝበት፣ በውሃ ማፍሰሻው ዙሪያ፣ ባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ከሻንሲው ጋር በታሰረበት፣ በፓራፋንጎው ውስጥ። ወለል ላይ ያለ ቀዳዳ አያስደንግጣችሁ፤ በላሜራ ይደፈናል። ሻንሲው ላይ ካቻቢቴው ከገባ ግን ዋጋ መደራደሩን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከሁሉ በላይ የመጎተቻው ክንድ ከሰውነቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አጥብቃችሁ ፈትሹ። ለዓመታት የተወዘወዘው እሱ ነው። ስንጥቅ ካለ ቀለም ይደብቀዋል። አንድ የቆየ ዘዴ ልንገራችሁ። ቦታውን እስከ ብረቱ ድረስ አጽዱት። ነጭ ጋዝ ቀቡትና ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ በስሱ ነስንሱበት። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ትታያለች።

የድሮውን ቀለም አትናቁት

ግራይንደር አንስታችሁ ቀለሙን ማቡነን ከመጀመራችሁ በፊት ቆም በሉ። የድሮ ወታደራዊ ቀለም እርሳስና ክሮሜት ሊኖረው ይችላል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ጦር የተለመደው ኬሚካል የሚቋቋም ቀለም ደግሞ ሲፈጭና ሲቃጠል የሚያወጣው ነገር ለሳንባ መጥፎ ነው። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ። በኬሚካል አስለቅቁት፣ ወይም በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ጭንብል አይደለም፤ ማጣሪያ ያለው ትክክለኛውን አድርጉ። ልጆች አካባቢው ላይ አይጫወቱ፤ የሠራችሁበትን ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አትጠቡ።

ሌላም አለ። ብየዳ የሚነካውን ቦታ በፍሬን ማጽጃ እስፕሬይ አታጽዱ። አንዳንዶቹ ክሎሪን አለባቸው። በብየዳው ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጦር ሜዳ ላይ ሲለቀቅ የነበረው ራሱ ነው።

እግሩን ማደስ

ተሳቢውን በክሪክ አንሡና በካቫሌቶ (ባለ እግር የብረት ማቆሚያ) ላይ አስቀምጡት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም።

የጎማ ዳዶ ስትፈቱ የብሎኑን ጫፍ እዩ። በአንዳንድ የድሮ ወታደራዊ መኪኖችና ተሳቢዎች የግራ ጎማ ብሎኖች ጥርሳቸው ግራ ነው፤ ዳዶው የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው ማለት ነው። ኤል የምትል የላቲን ፊደል ተመትቶባቸው ታገኛላችሁ። እኔ ሳላይ በረጅም ቱቦ ተንጠልጥዬ ሁለት ብሎን ቆርጫለሁ። ለካ ሳጠብቅ ነው የዋልኩት።

ቸርኬውንም በደንብ እዩት። አንዳንዱ የጦር ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የተገጠመ ነው። ያንን ዳዶ ጎማው ንፋስ እያለው የነካ ሰው ፊት ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። መጀመሪያ የቫልቩን እምብርት ነቅላችሁ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የምትፈቱት ከሞዞው ጋር የሚያስረውን ይሁን፤ ሁለቱን ግማሽ የሚያገናኘውን የጎማ ባለሙያ ይፍታው።

አሁን ሞዞው። ቆቡን በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ፈልቅቁት። ከሥሩ የሚታጠፍ መቆለፊያ ፒን፣ ዳዶ፣ ከዚያ ሮንዴላ አለ። እነሱን ስታወጡና ሞዞውን ሳብ ስታደርጉት የውጪው ኩሽኔታ (ሞዞውን የሚያሽከረክረው ባለ ሮለር ቀለበት) መዳፋችሁ ላይ ዱብ ይላል። በነጭ ጋዝ እጠቡት። ስታደርቁት በኮምፕሬሰር አየር አታሽከርክሩት፤ ሮለሩ ሊስፈነጠር ይችላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እያንዳንዱን ሮለር ተመልከቱ። ጭረት፣ ጉርብጥብጥ፣ ሰማያዊ የሙቀት ምልክት ካለ ይጣል። ሲጣል ደግሞ ሞዞው ውስጥ ከተጠረቀመው የውጪ ቀለበቱ ጋር ነው። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም ብር መጣል ነው። ከኋላ ያለው ሲል (ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት) ሳይጠየቅ ይቀየር፤ ርካሽ ነው።

ግራሶ መሙላት የእጅ ሥራ ነው። መዳፋችሁ ላይ አንድ ጉብታ ግራሶ አስቀምጡ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ጉብታው ላይ ጫን እያላችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ደጋግማችሁ ስትጫኑ በሮለሮቹ መካከል በላይኛው በኩል ግራሶው እንደ ትል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ያ ነው የሞላ ማለት። ከዚያ ዞር እያደረጋችሁ ዙሪያውን ጨርሱ።

ስትመልሱ ሞዞውን በአንድ እጅ እያሽከረከራችሁ ዳዶውን እስኪከብድ አጥብቁ። መልሳችሁ አላሉት። ቀጥሎ በጣት ብቻ አጥብቁት፤ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ማላላቱ በኩል አምጡት። ጎማውን ገጥማችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። በጣም ጥቂት ልቅነት ይፈቀዳል። ጎማው ካልዞረ ወይም ሲዞር ከጎረበጠ እንደገና ፍቱ።

ጎማው ጥርሱ ስላለ ብቻ አይታመንም። ለዓመታት ቆሞ የኖረ ጎማ ያረጀው በዕድሜ ነው። ጎኑ ላይ 4 አሃዝ ፈልጉ። 2319 ከሆነ በ2019 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። 10 ዓመት ካለፈው ቢያብረቀርቅም ይሰናበት።

እዚህ ላይ ትልቁን ውሳኔ ወስኑ። የተሳቢው ቸርኬ ከመኪናችሁ ቸርኬ ጋር አንድ ይሁን? ኤም 416 ባለ 5 ብሎን ነው፤ የብሎኖቹ ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ ሜትር። መኪናችሁ ሌላ ከሆነ ሞዞውን ወይም አክስሉን በሙሉ መቀየር አለባችሁ። ወጪው ያማል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ አላውቅም። አንድ ትርፍ ጎማ ለሁሉም ይሆናል። አክስሉን ከቀየራችሁ ስፋቱን ከመኪናችሁ ጋር አስተካክሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ የተሳቢው ጎማ መኪናው በጠረገው መስመር ሲሄድ መኪናው እፎይ ይላል። ጠበብ ወይም ሰፋ ያለ ከሆነ የራሱን አዲስ መንገድ እያረሰ ነው የሚከተለው።

ባሌስትራው ላይ አትቸኩሉ። ጎሚኒዎቹን (የመጋጠሚያ ላስቲኮቹን)፣ ፔርኖዎቹን (ማያያዣ ፒኖቹን) እና ዩ ቅርጽ ያላቸውን ብሎኖች ቀይሩ፤ ቅጠሎቹን ለይታችሁ ዝገቱን ጥረጉ፤ የተሰነጠቀ ካለ ይቀየር። ቅጠል መቀነስ ወይም መጨመር ግን ተሳቢው ተጭኖ ሚዛን ከወጣ በኋላ ነው። ለ680 ኪሎ የተሠራ ባሌስትራ ላይ 200 ኪሎ ብትጭኑ ተሳቢው ኮረኮንች ላይ እንደ ሚዳቋ ይዘላል፤ ውስጡ ያለ እንቁላልም አይተርፍም። ሾክ አብዞርበር ከሌለው መጨመር ይረዳል።

ከፍ ማድረግ የሚፈልግ አለ። ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር ከሆነ ወደ ላይ ማዛወር ይቻላል። ከፍታው በአክስሉ ውፍረትና በባሌስትራው ውፍረት ድምር ይጨምራል። 50 ሚሊ ሜትር አክስልና 40 ሚሊ ሜትር ባሌስትራ ከሆነ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናችሁ ጋር ሲያያዝ ተሳቢው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ከፍታ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለፎቶ ነው፤ ጎን ለጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ደግሞ መገልበጥን ይጋብዛል።

መጎተቻው

የጦር ተሳቢ ጫፉ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አለው። መኪናው ላይ ደግሞ የሚከደን ጋንቾ። ይህ ዓይነቱ ከመንገድ ውጪ ጎበዝ ነው፤ ከተለመደው የኳስ መጎተቻ ይልቅ ወደ ላይ ወደ ታች ብዙ ይተጣጠፋል። ጉዳቱ ጩኸቱ ነው። ልቅ ስለሆነ በየጉድጓዱ ኳ ኳ ይላል። አስፋልት ላይ ብዙ የምትነዱ ከሆነ በሦስቱም አቅጣጫ የሚዞረውን ዘመናዊ መጎተቻ ግጠሙ፤ ጫጫታ የለውም። ማንኛውም ቢሆን የሚፈቀድለት ክብደት ተጽፎበት ይሁን። ሁለት የጥንቃቄ ሰንሰለት ከሥሩ አመሳቅላችሁ እሰሩ፤ መጎተቻው ቢወልቅ ክንዱ መሬት ሳይወጋ ሰንሰለቱ ላይ ይተኛል።

የፊት መቆሚያ እግሩን በሚታጠፍና ጎማ ባለው ቀይሩት። ወገባችሁ ያመሰግናችኋል።

ሰውነቱ

የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጣችሁ አውጡ። በስቱኮ መሸፈን ለሻጭ ነው፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ላሜራ ይበይዳል። በአንድ ጊዜ ረጅም መስመር አትበይዱ፤ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ ክፍተቱን በኋላ ሙሉ። የተረፈውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠራውን ዝገት ማርከሻ ቀቡ። ከዚያ ኢፖክሲ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ውስጡን የፒክአፕ ጭነት ወለል የሚቀባውን ወፍራም ጎማ መሳይ ቀለም ብታለብሱት ድምፅም ይቀንሳል፣ ዕቃም አይንሸራተትም። ቱቦ የሆኑ ብረቶች ውስጥ ሰም መሰል ፀረ ዝገት ንፉ። ዝገት የሚጀምረው የማይታየው ቦታ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጂፕ ኋላ ይጎተቱ የነበሩት ትንንሾቹ ገንዳቸው ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ወንዝ ላይ እንዲንሳፈፉ። ወለሉ ላይ የሚከፈት የውሃ ማፍሰሻ ያለው ለዚህ ነው። የምትበሱት እያንዳንዱ ቀዳዳ ይህን ጸጋ ያበላሻል። እኔ የምሰቅለውን ሁሉ ከዳሩ ጠርዝ ላይ ነው ያሰርኩት፤ ወለሉን አንድም ቦታ አልበሳሁም።

አሁን ሚዛን

ወደ 227 ኪሎ እንመለስ። ከላይ የሚዘረጋ ድንኳን 60 ኪሎ። እሱን የሚሸከም የቱቦላሬ ፍሬም 35። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ። ፍሪጅ 25። ትርፍ ጎማ 25። ምድጃ፣ ድስትና ሳጥኑ 20። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 12። ድምሩ 237 ሆነ። ምግብ አልገባም። ልብስ አልገባም። ቀድሞውኑ አልፈናል።

ስለዚህ አንድ ነገር ይቀራል። ፍሪጁ መኪናው ውስጥ ይሁን፣ ወይም ድንኳኑ መሬት ላይ የሚተከል ይሁን። ድንኳኑን ካወረዳችሁ ፍሬሙም አብሮ ይቀልላል፣ ክብደቱም ወደ ታች ይወርዳል። እኔ እንዲህ ነው ያደረግሁት፤ መጀመሪያ ስመርጠው የነበረውን ድንኳን ሳልገዛው ቀረሁ።

የክብደቱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ መጎተቻው ላይ ይረፍ። 480 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ 48 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት የሰው ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑ ላይ የጣውላ ቁራጭ አቁሙና የመጎተቻውን ጫፍ መኪናው ላይ በሚያርፍበት ከፍታ አስደግፉት። ከቀነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። ውሃውን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ከኋላ ጫፍ ላይ ትርፍ ጎማ አትስቀሉ።

ክዳን

ሸራ ክዳን ቀላልና ርካሽ ነው፤ አቧራ ግን አያቆምም። የአሉሚኒየም ክዳን ከሠራችሁ ዙሪያውን ባዶ ቱቦ መሳይ ጎማ ግጠሙለት። ጎማው በትክክል መጫኑን በወረቀት ፈትሹ። ቁራጭ ወረቀት ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና ሳቡት። ሸርተት ብሎ ከወጣ አቧራውም በዚያ ይገባል። በየአንድ ስንዝሩ ዙሪያውን ሞክሩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ዳቦ ላይ አሸዋ ከመብላት ይሻላል።

ኤሌክትሪክ

የጦር ተሳቢ መብራት ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ የተለመደ መኪና 12 ነው። ሶኬቱም አይገጥምም። የድሮውን ለማዳን አትልፉ፤ ሙሉውን አውጥታችሁ በ12 ቮልት ኤልኢዲ ተኩት። ኔጋቲቩን በሻንሲው አትመኑ፤ ራሱን የቻለ ሽቦ ከኋላ መብራት እስከ ሶኬቱ ዘርጉ። የተሳቢ መብራት ብልሽት ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት ኔጋቲቩን ነው።

ለፍሪጅ ባትሪ ከጫናችሁ ሂሳቡ ቀላል ነው። በአማካይ 1.5 አምፔር የሚወስድ ፍሪጅ በ24 ሰዓት 36 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል። ባለ 100ው ሁለት ቀን ይዞላችኋል። ከመኪናው የሚመጣው ገመድ ረጅም ስለሆነ ወፍራም ይሁን፤ እኔ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ተጠቅሜያለሁ። ተሳቢው ላይ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (ከመኪናው የሚመጣውን ኃይል አስተካክሎ የተሳቢውን ባትሪ የሚሞላ) ግጠሙ። ፊውዝ በሁለቱም ባትሪ አጠገብ ይሁን፤ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ያለ ፊውዝ ሌላውን ጫፍ አያድንም።

መጀመሪያ ስትወጡ

ጭነት ሳታበዙ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱና ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሞዞው አስጠጉ። ለብ ማለቱ ጤና ነው። ማስጠጋት ካቃታችሁ ኩሽኔታው ጠብቋል። የጎማውን ዳዶና የባሌስትራውን ዩ ብሎኖች ከ100 ኪሎ ሜትር በፊት እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ቀለም ሲጫን ስለሚሳሳ መላላታቸው አይቀርም። ከዚያ ኮረኮንች ሞክሩ፣ ከዚያ ጭነት።

ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ ውሃው ዳር ትንሽ ቆዩ። የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ካምፕ ስትደርሱ አንዱን ቆብ ከፍታችሁ ግራሶውን በጣታችሁ ነካ አድርጉ። ቀለሙ እንደነበረ ከሆነ እሳት አንድዱ። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ጠዋት ሁለቱንም ጎማ ትፈታላችሁ።